የግመሉ አማንና የኢብኑል ሙቀፈዕ ብዕር

ፖለቲካ በእንስሳት አፍ ስለሚነገርባቸው ልቦለዶች ሲነሳ፣ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች ቶሎ ትዝ የሚለን እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ውስጥ ስኩዊለር የሚባል አንደበተ ርቱዕ አሳማ አለ። የእርሻው ወተትና ፖም ለአሳማዎች ብቻ እንዲሆን ሲወሰን፣ ይህ የሚደረገው ለሌሎቹ እንስሳት ደኅንነት ሲባል መሆኑን አስረድቶ፣ የተነጠቁትን አሳምኖ የሚመልሰው እርሱ ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የፕሮፓጋንዳን አሠራር የተማርኩት በዚህ አሳማ በኩል ነበር። መጽሐፉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከኦርዌል 1,200 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በኢራቋ የበስራ ከተማ የኖረ አንድ ጸሐፊ ይህንኑ ጉዳይ በአንበሳ፣ በቀበሮና በግመል አፍ አስቀምጦልን እንዳለፈ ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል?

ጸሐፊው ዐብደላህ ኢብኑል ሙቀፈዕ ነው፤ መጽሐፉም «ከሊላ ወ ዲምና» ይባላል። ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1950 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ኢብኑል ሙቀፈዕን ግን፣ ታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው እንደዘገቡት፣ ለሞት ያበቁት በአንድ ሰነድ ላይ ያሰፈራቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው። ስለዚህ የመጽሐፉን ቁም ነገር ለመረዳት የሰውየውንም ሕይወት ማወቅ ያስፈልጋል።

ኢብኑል ሙቀፈዕ የተወለደው በሁለተኛው የሂጅራ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ሲሆን፣ የትውልድ ቦታው በፋርስ አገር ጁር ትባል የነበረችው የዛሬዋ ፊሩዛባድ ናት። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሩዝቢህ ነበር። አባቱ ለኡመውያ መንግሥት ግብር ይሰበስብ ነበር። ብዙዎቹ ዘጋቢዎች እንደሚሉት፣ የኢራቁ ገዥ አል ሐጃጅ ኢብን ዩሱፍ የመንግሥት ገንዘብ አጉድለሃል ብሎ እጁ እስኪኮማተር ድረስ አስገረፈው። «ሙቀፈዕ» የሚለው ቅጽል የመጣው ከዚህ ነው፤ እጁ የኮማተረ ማለት ነው። ልጁም እስከ ዛሬ በታሪክ የሚጠራው የዚያ የተቀጣ እጅ ባለቤት ልጅ እየተባለ ነው። መንግሥት ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ ለመማር ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም።

ወጣቱ ሩዝቢህ በበስራ አደገ። በስራ በዚያን ጊዜ የቋንቋ ሊቃውንት፣ ነጋዴዎችና የበረሃ ዐረቦች የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። እዚያም ዐረብኛን ከባለቤቶቹ ተምሮ፣ ዐረቦቹ ራሳቸው የሚያደንቁት ጸሐፊ ወጣው። ከዚያም በኪርማንና በፋርስ ለነበሩ የኡመውያ አስተዳዳሪዎች ካቲብ ሆነ። የዚያ ዘመን ካቲብ የተባለውን ብቻ የሚገለብጥ ሰው አልነበረም። የገዥውን ሐሳብ ተቀብሎ ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ የሚያለብሰው እርሱ ነው። ሹመቱም፣ ሽረቱም፣ ማስፈራሪያውም፣ ምሕረቱም በእርሱ ብዕር በኩል ያልፋል። በአጭሩ፣ ኢብኑል ሙቀፈዕ የሥልጣን ቋንቋ የሚሠራበትን ቤት ከውስጥ ሆኖ አይቷል።

በዚህ መካከል በ132 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 750) ታላቁ ለውጥ መጣ። ዐባሲዎች ጥቁር ሰንደቅ ይዘው ከኹራሳን ተነሡና ኡመውያዎችን ገለበጡ። ይህ እንቅስቃሴ ለዓመታት በድብቅ ሲሰበክ የኖረው በአንድ ጥሪ ነበር፤ ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ ሁሉም ለሚስማማበት ሰው ታዘዙ የሚል። የሰውየው ስም ግን አይጠራም። ስሙ ስላልተጠራ እያንዳንዱ ሰሚ በልቡ የሚፈልገውን ሰው ተካበት። የዐሊይ (ረ.ዐ) ልጆች ወገን የእኛ ሰው ነው አለ፤ የተበደለው ሁሉ በደሌን የሚያነሳልኝ መጣ አለ። ድሉ ከተገኘ በኋላ ግን ሥልጣኑ የዐባስ (ረ.ዐ) ዘሮች ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚህ ጥሪ ውስጥ ውሸት የሚባል ቃል አልነበረም። ሥራውን ሁሉ የሠራው ሳይነገር የቀረው ስም ነው።

በሽሽቱ ወቅት ስለተከሰተ አንድ ነገርም ይተረካል። የመጨረሻው የኡመውያ ኸሊፋ ዋና ጸሐፊ የነበረው ዐብዱል ሐሚድ የኢብኑል ሙቀፈዕ ወዳጅ ነበር። ወታደሮች ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ አግኝተው ዐብዱል ሐሚድ የትኛው ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ሁለቱም እኔ ነኝ አሉ፤ አንዱ ለአንዱ ሊሞት። በመጨረሻ ዐብዱል ሐሚድ ወዳጁ በእርሱ ፈንታ እንዳይገደል ስለ ፈራ፣ ምልክቴን አጣርታችሁ ውሰዱኝ ብሎ ራሱን አሳልፎ ሰጠ ይባላል። አንባቢ ይህን ታሪክ ይያዝልኝ፤ ኋላ ስለ ግመሉ ስናወራ ያስፈልገናል።

ከለውጡ በኋላ ኢብኑል ሙቀፈዕ የኸሊፋው አል መንሱር አጎት ለነበረው ለዒሳ ኢብን ዐሊይ ጸሐፊ ሆነ። እስልምናን የተቀበለውም በእርሱ እጅ ነው፤ ስሙም ዐብደላህ ተባለ። «ከሊላ ወ ዲምና»ን ወደ ዐረብኛ የመለሰው በእነዚሁ ዓመታት ገደማ ነው። የመጽሐፉ ሥር ሕንድ ነው፤ ፓንቻታንትራ ከሚባለው የሳንስክሪት ስብስብ ይነሳል። በፋርሱ ንጉሥ በአኑሺርዋን ዘመን (እ.ኤ.አ. 531-579) ቡርዞይ የተባለ ሐኪም ወደ ፓህላዊ ቋንቋ መልሶት ነበር። ኢብኑል ሙቀፈዕ ከፓህላዊው ወደ ዐረብኛ ሲያመጣው ግን ቃል በቃል ገልባጭ ብቻ አልሆነም፤ እየቀነሰና እየጨመረ የራሱ አደረገው። ዛሬ በዓለም ላይ የተሠራጩት ትርጉሞች አብዛኞቹ የሚነሱት ከእርሱ ዐረብኛ ነው።

የመጽሐፉ ዋና ታሪክ እንዲህ ነው። አንበሳ በሚነግሥበት ጫካ አጠገብ ሸትረባ የሚባል ኮርማ ነጋዴዎች ጥለውት ይሄዳሉ። ኮርማው አገግሞ ሲያገሳ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ የማያውቀው አንበሳ ይፈራል፤ ፍርሃቱን ግን ይደብቃል። ዲምና የተባለው ቀበሮ ይህን ያያል። ንጉሡ የሚፈራውን ነገር ማወቅ ለዲምና ትልቅ ሀብት ነው። ኮርማውን አምጥቶ ከአንበሳው ጋር ያስታርቀዋል፤ ሹመትም ያገኛል። ኮርማውና አንበሳው ወዳጅነታቸው ሲጠብቅ ግን ዲምና ወደ ዳር ይገፋል። ያኔ ቅናት ይይዘውና ሁለቱን ለማጣላት ይነሳል።

ታዲያ እንዴት አደረገ? ወደ አንበሳው ሲገባ ወሬኛ መስሎ አልገባም። አዝኖ፣ ተክዞ፣ መናገር የማይፈልግ መስሎ ገባ። እውነቱን መናገር ለራሴ አደጋ ነው፣ ግን ለንጉሤ ያለኝ ታማኝነት ዝም አላሰኘኝም በሚል መንፈስ፣ ኮርማው ከጦር አለቆች ጋር እየተማከረብህ ነው አለው። ከዚያ ወደ ኮርማው ሄዶ በዚያው የሐዘን ፊት፣ አንበሳው ሰብተሃልና ሊበላህ ነው አለው። ወሬ ማመላለስ፣ ማለትም ነሚማ፣ በዲናችን ከባድ ኃጢአት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የዲምና ነሚማ ግን ምክር ለብሶ ነው የመጣው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ቀጣዩ ነው። ዲምና ለሁለቱም ማስረጃ ሰጣቸው። ለአንበሳው፣ ኮርማው ሲመጣ ቀለሙ ተለውጦ፣ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ግራ ቀኝ እያየ፣ ቀንዱን አዘጋጅቶ ካገኘኸው ነገሬ እውነት ነው አለው። ለኮርማውም፣ አንበሳው ደረቱን ነፍቶ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ዓይኑን ተክሎ ካየህ ሊገድልህ መሆኑን እወቅ አለው። ሁለቱ ሲገናኙ እያንዳንዱ በሌላው ላይ ያየው የተነገረውን ምልክት ነው። ግን ያ ምልክት ምን ነበር? ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱን የፈጠረውም ዲምና ነው። ኮርማው የተንቀጠቀጠው ስለ ከዳ አይደለም፤ ይበላሃል ስለተባለ ነው። አንበሳውም የተቆጣው ሊበላ ፈልጎ አይደለም፤ ከዳህ ስለተባለ ነው። ተያያዙ፤ ኮርማው ሞተ።

የፕሮፓጋንዳ ሥራ በዚህ ልክ ተገልጦ ያነበብኩት በጥቂት መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሁለት ጎረቤት ሕዝቦች እርስ በርስ እንዲፈራሩ ማድረግ ይበቃል፤ ማስረጃውን ራሳቸው ያመርቱታል። አንዱ ፈርቶ በሩን ሲዘጋ፣ ሌላው አየህ፣ እያደመብን ነው ይላል። ያኛው ይህን ሰምቶ ዱላ ሲያዘጋጅ፣ የመጀመሪያው አላልኩህም ይላል። ሁለቱም ዓይናቸው ያየውን ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱም ግን ተታለዋል።

አሁን ወደ ግመሉ እንምጣ። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ሌላ አንበሳ አለ፤ ተኩላ፣ ቁራና ቀበሮ ባለሟሎቹ ናቸው። ከነጋዴዎች ተለይቶ የቀረ ግመል ወደ ጫካው ሲገባ አንበሳው አማን፣ ማለትም የደኅንነት ቃል ኪዳን፣ ይሰጠዋል። ግመሉም አብሯቸው ይኖራል። አንድ ቀን አንበሳው ከዝሆን ጋር ተዋግቶ ቆስሎ ይመለሳል፤ ማደን ያቅተዋል። ከእርሱ ትራፊ ይኖሩ የነበሩት ሦስቱ ተራቡና ግመሉን አሰቡ። ቁራው ሐሳቡን ሲያቀርብ አንበሳው ተቆጣ፤ አማን ሰጥቼዋለሁ አለ። ቁራው አማኑን አልካደም። አማን መልካም ነው፣ ነገር ግን አንድ ነፍስ ለቤተሰብ፣ ቤተሰብ ለነገድ፣ ነገድ ለከተማ፣ ከተማም ለንጉሥ ቤዛ ይሆናል አለ። ንጉሡ ራሱ ማዘዝም ሆነ መንካት ሳያስፈልገው እኛ መላ እንፈልጋለን ሲል ጨመረበት። አንበሳው ዝም አለ። ቁራውም የዝምታውን ትርጉም ተረዳ።

ከዚያ ሁሉም በአንበሳው ፊት ተሰበሰቡ። ቁራው ንጉሥ ሆይ፣ እኔን ብላኝ አለ፤ ሌሎቹ አንተ ትንሽ ነህ፣ አትጠቅምም አሉት። ቀበሮው እኔን አለ፤ አንተ ትሸታለህ ተባለ። ተኩላው እኔን አለ፤ የተኩላ ሥጋ ጉሮሮ ያሳምማል ተባለ። ግመሉ ይህን ሁሉ ሲያይ፣ እኔም እንደነርሱ ብል ለእኔም ሰበብ ይፈልጉልኛል ብሎ አሰበና፣ ሥጋዬ ብዙም ጣፋጭም ነው፣ እኔን ብሉኝ አለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ግመሉ እውነት ተናገረ፣ ቸርነቱንም አሳየ አሉ። ዘለውም ቦጫጨቁት።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ አማን ያፈረሰ ማንም የለም። ንጉሡ አላዘዘም፤ ባለሟሎቹ አላስገደዱም፤ ሟቹ ራሱ ፈቅዷል። ሦስቱ ያቀረቡት መሥዋዕትነት ተመልሶ እንደሚሰጣቸው ያውቁ ነበር፤ የግመሉ ብቻ ነው የማይመለሰው። ያን የወታደሮቹንና የሁለቱን ወዳጆች ታሪክ እዚህ ላይ አስታውሱ። የቁራውን የይስሙላ ቤዛነት የጻፈው፣ እውነተኛውን ቤዛነት በዐብዱል ሐሚድ እንዳየ የሚተረክለት ሰው ነው። በስብሰባ ላይ በፈቃደኝነት የሚባል ነገር ሲመጣ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን ምን እንደሚያጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጽሐፉ ውስጥ የግመሉን ታሪክ የሚተርከው ማን ይመስላችኋል? ኮርማው ሸትረባ ነው፤ የሚተርከውም ለዲምና ነው! በአንበሳው ዙሪያ ያሉ ክፉዎች አንበሳውን እንዳሳሳቱብኝ ጠረጠርኩ እያለ ምሳሌውን የሚነግረው፣ ለራሱ ለአሳሳቹ ነው። ኮርማው ታሪኩን ያውቅ ነበር፤ ትርጉሙንም ያውቅ ነበር። አታላዩን ግን ሲፈልግ የነበረው ከፊቱ ከተቀመጠው ወዳጁ ሌላ ቦታ ነው። ስለ ፕሮፓጋንዳ መማር ብቻውን ከፕሮፓጋንዳ አያድንም የምለው ለዚህ ነው። የጠላታችንን ውሸት ለመለየት ሁላችንም ሊቅ ነን። ፈተናው የሚመጣው የሚያዝንልን መስሎ የሚናገረው የእኛ ሰው ሲሆን ነው።

አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እንደሚስማሙበት፣ ኢብኑል ሙቀፈዕ ከሕንዱ መጽሐፍ የሌለ አንድ ምዕራፍ ጨምሯል፤ የዲምናን ጉዳይ የመመርመር ምዕራፍ ነው። እዚያ ዲምና ለፍርድ ይቀርባል። በምላሱም ከሳሾቹን ሁሉ ዝም ያሰኛል። የሚረታው በተሻለ ንግግር አይደለም፤ በጆሯቸው በሰሙ ሁለት ምስክሮች ቃል ነው። ለአንደበተ ርቱዕ መልሱ ሌላ አንደበተ ርቱዕ ሳይሆን ማጣራት ነው ማለቱ ይመስለኛል። ቁርኣንም በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ፋሲቅ ይዞት የሚመጣን ወሬ አስመልክቶ የሚያዘን ይህንኑ ማጣራት ነው።

ኢብኑል ሙቀፈዕ በምሳሌ ብቻ አልተወሰነም። ለአል መንሱር እንደጻፋት በሚታመነው «ሪሳላ ፊ ሰሓባ» በተባለች መልእክቱ ላይ በቀጥታ ተናግሯል። ከኹራሳን ጦር አለቆች መካከል፣ ኸሊፋው ለቂብላ ጀርባችንን ሰጥተን እንድንሰግድ ቢያዘን እንታዘዛለን የሚሉ እንዳሉ ጠቅሶ፣ እንዲህ ያለው ንግግር አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቋል። ፈጣሪን በማመጽ ለፍጡር መታዘዝ የለም የሚለውን የታወቀ መርሕ አንዳንዶች ሥርዓትን ሁሉ ለማፍረስ እንደሚያጣምሙት፣ ሌሎች ደግሞ ንቀውት መሪውን ከጥያቄ በላይ እንደሚያደርጉት አሳይቷል። የእርሱ መልስ መካከለኛው ነው። በአላህ ግዴታዎችና ክልከላዎች ላይ ማንም መሪ ሥልጣን የለውም፤ በአስተዳደር ጉዳይ ግን መታዘዝ ይገባል። እውነተኛ ቃል እንኳ በጠማማ እጅ መሣሪያ እንደሚሆን የተረዳ ሰው ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ደረስን። የአል መንሱር አጎት ዐብደላህ ኢብን ዐሊይ እ.ኤ.አ. በ754 ኸሊፋነት ለእኔ ይገባል ብሎ ተነሣ፤ ተሸነፈና በበስራ ወደሚገኙ ወንድሞቹ ሸሸ። ወንድሞቹ ሱለይማንና ዒሳ ከኸሊፋው አማን ለመኑለት። የአማኑን ሰነድ እንዲያረቅ የታዘዘው የዒሳ ጸሐፊ ኢብኑል ሙቀፈዕ ነበር። እርሱም የቁራን መላ የሚያውቅ ሰው ነውና፣ ቁራ የማያልፍበት ሰነድ ጻፈ። ኸሊፋው ቃሉን ቢያፈርስ ሚስቶቹ የተፈቱ፣ ባሪያዎቹ ነጻ የወጡ፣ ሙስሊሞችም ከበይዓው የተለቀቁ ይሁኑ አለ። ለትርጓሜ የሚሆን ቀዳዳ አልተወም። አል መንሱር ሲያነበው እጅግ ተቆጣ፤ ይህን የጻፈው ማን ነው ብሎም ጠየቀ።

ከዚያ ሱለይማን ከበስራ ገዥነት ተነሣና ሱፍያን ኢብን ሙዓዊያ ተሾመ። ሱፍያን በኢብኑል ሙቀፈዕ ላይ የቆየ ቂም ነበረው፤ ጸሐፊው በአፍንጫው ትልቅነት ይቀልድበት እንደነበር ይነገራል። ዘገባዎቹ እንደሚሉት፣ ኢብኑል ሙቀፈዕ ለጉዳይ ተልኮ ወደ ሱፍያን ቤት ገባ፤ አልወጣም። ከአካሉ እየተቆረጠ ወደሚነድ ምድጃ ተጣለ ተብሎ ተጽፏል። ዓመቱ እ.ኤ.አ. ከ756 እስከ 759 ባለው ውስጥ ሲሆን፣ ዕድሜው 36 ገደማ ነበር። ክሱ ዚንዲቅ ነው፣ ማለትም እምነቱን ደብቆ የሚክድ ነው፣ የሚል ነበር። በልቡ የነበረውን አላህ ያውቃል፤ ሊቃውንትም ስለ እርሱ ተለያይተዋል። ክሱ ሥራ ላይ የዋለው ግን ሰነዱ ከተጻፈ በኋላ ነው።

ሱለይማንና ዒሳ ሱፍያንን ከሰሱ፤ ወደ ቤቱ ሲገባ ያዩ፣ ሲወጣ ያላዩ ምስክሮችንም አቀረቡ። አል መንሱር ምስክሮቹን፣ ሱፍያንን በእናንተ ቃል ብገድለውና ኢብኑል ሙቀፈዕ በዚህ በር ቢወጣ እናንተን ምን ላድርጋችሁ ብሎ ወደ በሩ ጠቆመ ይባላል። ጥያቄ ነው፤ ማስፈራሪያ የሚባል ቃል የለበትም። ምስክሮቹ ግን ተረድተው ቃላቸውን አነሡ። የዲምና ሁለት ምስክሮች በመጽሐፉ ውስጥ ተገኝተው ነበር፤ የደራሲው ምስክሮች ግን በሩን አይተው ተመለሱ። አማን የተጻፈለት ዐብደላህ ኢብን ዐሊይም ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ764 የታሰረበት ቤት ተደርምሶበት ሞተ፤ መሠረቱ ጨው ነበር፣ ውሃም ተለቀቀበት የሚሉ አሉ። ማንም በእጁ አልገደለውም እንዲባል ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን የማወራው ያለፈውን ዘመን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም፤ እነርሱ የሠሩትን ይዘው ሄደዋል። ዛሬም ግን ሬዲዮኑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ በኪሳችን ያለው ስልክ ሁሉ ይናገራል። አዝኖ የሚመክረንን ሰው ማስረጃ እንጠይቀው። እንድንፈራው የተነገረን ጎረቤት ሲንቀጠቀጥ ካየን፣ ለእርሱስ ስለ እኛ ምን ተነግሮት ይሆን እንበል። ለብዙኃን ሲባል አንዱ ይሠዋ ሲባል፣ ተናጋሪው ራሱ ምን እንደሚከፍል እንይ። ከሁሉም በላይ ግን፣ አንበሳው ዝም ባለበት ቦታ ዝም አንበል። ግመሉን የገደለው የቁራው ንግግር ብቻ አልነበረም፤ አማን የሰጠው ሰምቶ ዝም ማለቱም ነው።

ወላሁ አዕለም።